ቋሚው ገበታ

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው እማ፤ እየጾምኩ ነው» አለችኝ ልጄ፣ መርከቡ ላይ፣ የምግብ አዳራሹ በር ላይ ቆመን።

ስልኳን እያየች ነው የተናገረችው። ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይህንን ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ያውቀዋል፤ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩት እኔም ማንም ሳያስተምረኝ የማውቀው ነገር ነው። ለንደን ተወልዳ ያደገች ልጅ ግን ከየት ታውቀዋለች? ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ሲባል ሰምታለች። የማይጾምበት ወቅት እንዳለ የነገራት የለም። እኔም አልነገርኳት።

እንግዲያው ልጄ ለእግዜር አይደለም የምትጾመው ማለት ነው።

ቀና ብዬ አየኋት። በአንድ ቤት አብረን እየኖርን ያላየሁትን ያን ጊዜ አየሁት። ሰው ሁሉ በሸሚዝ በሆነበት አዳራሽ እሷ ወፍራም ሹራብ ለብሳ እጇን እጅጌው ውስጥ ትሸሽጋለች። የእጅ ሰዓቷ ላልቶ ወደ ክንዷ ይንሸራተታል። «እሺ እናቴ» አልኳት። ብቻዬን ገብቼ ተቀመጥኩ፤ የመጣልኝን ዓሣ ሳልነካው ተነሣሁ።

ጉዞውን ያመጣችው እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እንደያዘች «ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ቢሮ ስትጠርጊ ኖርሽ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አንቺን ሰው ያስተናግድሽ» ብላ የኖርዌይን ተራሮች የሚያሳይ መርከብ ቡክ አደረገችልኝ። ቶተንሃም ያለው ቤታችን ሶፋ ላይ ሆነን ነበር በስልኳ የምትሞላው። መርከቡ አበላላችሁን ምረጡ ይላል። አንደኛው ፊክስድ ነው፤ እስከ መጨረሻው ቀን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ ከነዚያው ሰዎች ጋር፣ በዚያው አስተናጋጅ እጅ ትበላላችሁ። ሁለተኛው ፍሌክሲብል ነው፤ በራባችሁ ሰዓት፣ ደስ ባላችሁ ቦታ።

«ፊክስድ የሽማግሌዎች ነው» አለች። «ልክ እንደ ትምህርት ቤት። ከአንድ እንግሊዛዊ ጋር ስለ ውሻው ስታወሪ ልትከርሚ ነው?»

«እኔ ስለ ውሻ ምን አወራለሁ?»

«እሱ ያወራል፣ አንቺ ጭንቅላትሽን ትነቀንቂያለሽ።»

ተሳሳቅን። ፍሌክሲብሉን መረጠች። እኔ የሳቅኩት በውሻው ነው፣ እሷ ግን ያን ጊዜም መውጫዋን እያበጀች ነበር።

ደግሞስ ቤታችን ራሱ ምን ነበር? እኔ ሳይነጋ ወጥቼ ቢሮ አጸዳለሁ፣ ቀን ጥቂት አረፍ እላለሁ፣ ማታ ሌላ ሺፍት እገባለሁ። ወጡን ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ እሷ በመጣች ሰዓት አሙቃ ትበላለች። ዕቃው ባዶውን ታጥቦ ሳገኘው ደስ ይለኛል። ወጡ የት እንደሚሄድ መጠየቅ በሐሳቤ አልመጣም። ማን የታጠበ ዕቃ ይጠረጥራል? አብረን የበላንበት ቀን ካለ እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ «እዚያው ቀመስኩ» ትለኛለች።

ዐቢይ ጾምን እስከ ማታ ነበር የጾመችው። ሴቶቹ ከቅዳሴ በኋላ «እዚህ ተወልዳ እንዲህ መሆኗ፣ ታድለሽ» ሲሉኝ አንገቴ ይረዝም ነበር። የአንዷ ልጅ እሑድ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አትደርስም፣ የኔዋ ግን፣ እያልኩ አወራለሁ። የፋሲካ ዕለት ዶሮውን ገፋ ስታደርገው «ሆዴ ከጾም በኋላ አልቻለም» አለች። አመንኳት። ብዙ ሰው እንዲያ ይሆናል።

መርከቡ ላይም እንዲሁ ነው የጀመረችው። «አንቺ ተኝተሽ ቁርስ በላሁ።» «ላይ ቡፌው ጋ ሰላጣ ቀመስኩ።» «አሁን ጠግቤያለሁ፣ በኋላ እበላለሁ።» ፍሌክሲብል ስለሆነ ሁሉም እውነት ይመስላል። የታችኛው አዳራሽ አስተናጋጅ ላይ በልታለች ብሎ ያስባል፣ የላይኛው ታች በልታለች ይላል፣ እኔም ከሁለቱ በአንዱ በልታለች እላለሁ። ሺህ ሰው በሚበላበት መርከብ ልጄን ሲርባት ያየ አንድ ሰው አልነበረም።

ያን ረቡዕ ከአዳራሹ ወጥቼ ወደ አስተናጋጆቹ አለቃ ሄድኩ። ፊሊፒናዊ ነው፣ ጸጉሩ ሸበት ያለ። የኔ እንግሊዝኛ ለመጥረጊያና ለባልዲ የሚበቃ ነው፤ ቢሆንም ፍርሃት አፍ ያስፈታል።

«መቀየር እፈልጋለሁ። ፊክስድ ጠረጴዛ።»

«ሞልቷል ማዳም። ሰው እኮ ፍሌክሲብሉን ነው የሚለምነን። ነፃነት አለው።»

«ነፃነቱን አልፈልገውም» አልኩት። «ልጄ አትበላም። በየቀኑ ያው ሰው እንዲያያት ነው የምፈልገው።»

እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ። «ትንሽ ልጅ ናት?»

«ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።»

«ታውቃለች እርስዎ እዚህ እንደመጡ?»

«አታውቅም።»

ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ፈለገና «አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወንበር አገኝልዎታለሁ» አለኝ። «አብረዋችሁ የሚቀመጡት ግን ወሬ ያበዛሉ።»

«ያውሩ» አልኩት።

ክፍላችን ገብቼ ስነግራት ተቆጣች። «ሳትጠይቂኝ? እኔ ሕፃን ነኝ? ፕሊስ እማ፣ ሂጂና መልሺው።»

«ጾም ነው አልሽኝ» አልኳት።

«አዎ ነው።»

«አሁን ጾም የለም እናቴ። ሃምሳ ቀን ጾም የለም። ረቡዕም የለም፣ ዓርብም የለም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በመስኮቱ ውኃው ብቻ ነው የሚታየው። «አላውቅም ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ እንዳመለጣት ተማሪ። እኔም አላስጨነቅኳትም፤ እውነቱን ለመናገር የሚቀጥለውን ቃል መስማት ፈራሁ።

ማታ ጠረጴዛችን ላይ ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት እንግሊዞችና አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበሩ። ውሻ ያለው ሰውዬ በእርግጥ ነበር፤ ፎቶውን ሁሉ አሳየን። ልጄ በጠረጴዛው ስር እግሬን ጎሸመችኝ፣ አላልኩሽም ለማለት። በዚያች ጉሸማ ብቻ ደስ አለኝ። ሾርባውን ግን ታማስላለች እንጂ አትጠጣም። ዳቦውን ትቆራርሳለች።

«ለወፎቹ ነው የምትፈረፍሪው?» አለቻት አሮጊቷ። «ባሕር ላይ ወፍ ሞልቷል።»

ልጄ ፊቷ ቀላ። አሮጊቷ ወደኔ ዞራ «እኔ ቤቴ ቆሜ ነው የምበላው፣ ከማጠቢያው አጠገብ» አለችኝ። «እዚህ የምመጣው ወንበር እንዲጠብቀኝ ነው።» እንደ ቀልድ ነበር የተናገረችው፤ ማንም አልሳቀም።

በማግሥቱ አስተናጋጃችን ለልጄ የተለየ ሾርባ አመጣላት። «የትናንቱ አልተስማማሽም፤ ይህኛው ቀለል ያለ ነው» አላት። ምንም አላካበደውም፣ አስቀምጦ ሄደ። ትናንት ምን እንዳስተረፈች ያስታወሰ ሰው በማየቷ ደነገጠች። ጥቂት ማንኪያ ጠጣች። እኔ ሳህኔ ላይ አቀርቅሬ ማንኪያዋ ሳህኑን ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅ እሰማ ነበር።

በቀጣዩ ቀን እኔ ቀደም ብዬ ወረድኩ፤ እሷ ጫማ ልቀይር ብላ ቀረች። ሁሉም ተቀመጠ፣ ወንበሯ ባዶውን ቆመ። ውሻ ያለው ሰውዬ «ልጅቷስ?» አለ። አሮጊቷ በሩን ታያለች። አስተናጋጁ ሾርባዋን ይዞ መጣና ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሾርባውን አስቀምጦ «አብሬዎት ልምጣ» አለኝ።

ደረጃው ላይ ነው ያገኘናት። ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራታ ወድቃለች፣ ከንፈሯ ዐመድ መስሏል። አንድ እግሯ ላይ አዲሱ ጫማ አለ፣ ሌላው ወልቆ ታች ወርዷል። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ሳደርገው ዓይኗን ገለጠች።

«እየመጣሁ ነበር እማ» አለችኝ።

የመርከቡ ሐኪም ልቧ በጣም ቀስ ብሎ እንደሚመታ፣ ደሟ ውስጥ መኖር ያለበት ጨው እንዳለቀ ነገረኝ። ግሉኮስ ሰካላት። ዘግይቶ ቢገኝ ኖሮ ልቧ ሊቆም ይችል ነበር አለኝ። በፍሌክሲብሉ ቢሆን ማን ይፈልጋታል? ሌላ ቦታ እየበላች ነው ብዬ ዓሣዬን እበላ ነበር። ይህ ሐሳብ እስካሁን ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል።

የቀረውን ጉዞ እሷ አልጋ ላይ፣ እኔ አጠገቧ ወንበር ላይ ሆነን ጨረስነው። ተራሮቹን አላየኋቸውም። አሮጊቷ በየቀኑ እየመጣች በሩ ላይ ቆማ «ወንበርሽ አለ» ብላት ትሄድ ነበር። ሳውዝሃምፕተን ስንደርስ አምቡላንስ ጠበቀን፤ ኋላም ለንደን ወዳለ ሆስፒታል ተዛወረች።

እዚያ ሐኪሟ በአስተርጓሚ አነጋገረችኝ። አስተርጓሚዋ የኛው ልጅ ናት፣ ወጣት። ሐኪሟ «ምግብ መተዋን መቼ ነው ያስተዋሉት?» ስትል፣ «እየጸለየች መስሎኝ ነበር» አልኩ። አስተርጓሚዋ ወዲያው አልተረጎመችውም። ውኃ ጠጣች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረችው።

ልጄ የኋላ ኋላ በትንሽ በትንሹ ነገረችኝ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ነው። ጾሙ የመጣው ኋላ ነው፤ ማንም ለምን አልበላሽም የማይላትበት፣ ይባስ ብሎ የምትመሰገንበት ብቸኛ ቦታ ሆኖ አገኘችው። «አንቺ ስትኮሪብኝ» አለችኝ፣ «ማቆም አልቻልኩም።» በአውቶቡስ ወደ ቤት ስመለስ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ «አባቴ፣ በጾም ልጄን ልገድላት ነበር» አልኳቸው።

«ጾሙ አይደለም» አሉኝ። «በሽታው የጾም ልብስ ለብሶ ነው የገባው። ከእንግዲህ ለሷ ጾሟ መብላት ነው፤ እኔ አዝዣታለሁ በያት። አንቺም ደጀ ሰላም ቆመሽ የልጅሽን ጾም አታውሪ።»

«አላወራም አባቴ።»

ከሆስፒታል ስትወጣ የማታውን ሺፍት ተውኩት። ጠረጴዛ አልነበረንም፤ ከሰፈራችን አሮጌ ዕቃ ቤት አንድ ገዛን። ሰዓታችን የታወቀ ነው፤ ማንም ቢደውል አይነሣም። መጀመሪያ ላይ ግማሹ እንባ ነበር። ሳህኑን ገፍታ የተነሣችበት፣ በሩን የዘጋችበት ቀን ብዙ ነው። እኔም ወጥ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

«እማ አትይኝ» ትለኛለች።

«አላየሁሽም፣ ቴሌቪዥኑን ነው የማየው።»

«ቴሌቪዥኑ እኮ አልበራም።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምቱን አሳለፍነው። የሄደው ግን ሄዷል። የረገፈው ጸጉሯ እንደ ድሮው አልሆነም። ከጓደኞቿ ጋር የምትስቅበት ዕድሜ አልጋ ላይ አለፈ። እኔም ለጾሟ ከእግዜር በፊት ያጨበጨብኩ እናት ነኝ፤ ይህን ማንም አይፍቀውም።

ዘንድሮ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሥራ መጣችና ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። እንቁላል ጠብሼ ነበር። ሳህኑን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን።

«ዛሬ ረቡዕ ነው አይደል?»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። «አዎ፣ ረቡዕ ነው።»

«ግን ሃምሳው አላለቀም» አለች። «ጾም የለም።»

እንቁላሉን በዳቦ በላችው፣ ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው። እኔ ያልበራውን ቴሌቪዥን አየሁ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ዘንድ አብረን ሄድን። ልቧ በልኩ ይመታል፣ ደሟ ደህና ነው፣ ከአደጋው ወጥታለች አለችን። በአስተርጓሚ አልነበረም፤ በራሴ ጆሮ፣ በእንግሊዝኛ ሰማሁት። ልጄ በሕይወት አለች፣ እየበላች ነው። ከዚያ ጉዞ አሁን ደርሰናል።