ናኽሌን ማን አስቀጠረው?

ቤይሩት ውስጥ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀድሞ የሚደርሰው ሙጫ የያዘ የፓርቲ ሰው ነው። የሟቹን ፎቶ ከመሪያቸው ፎቶ ሥር አሳትሞ፣ «የእኛ ሰማዕት» ብሎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ወደቡ ፈንድቶ ግማሽ ከተማ ሲፈርስ ከነዚህ የፓርቲ ጌቶች አንዱም አካፋ ይዞ አልታየም። ስብርባሪውን የጠረገው ሕዝቡ ነው፣ ከየቤቱ ባመጣው መጥረጊያ። ሙጫው ግን አልዘገየም።

የዐፊፌ ባል ናኽሌ ወደቡ ላይ ካለው የእህል ጎተራ ይሠራ ነበር። ማታ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር የስንዴ ብናኝ ለብሶ ነው። የሰፈሩ ፓርቲ መሪ ተብዬ ቴሌቪዥን ላይ ብቅ ካለ፣ «ይሄን ሌባ አጥፊልኝ፣ እራቴን ልብላበት» ይላል። ሬሳው ሲገኝ ዐፊፌ የለየችው ራሷ በጣፈችለት ካልሲ ነው። ከቀበረችው ወዲያ የምትፈራው አንድ ነገር ቀርቷል፤ የባሏ ፊት ከዚያ ሌባ ፊት ጋር ግድግዳ ላይ እንዳይወጣ።

የሰፈሩ የፓርቲ ሰው፣ እንደ «አቶ» ሁሉ «ኡስታዝ» እየተባለ የሚጠራው ሚልሔም፣ በቀብሩ ማግስት መጣ። ሽቶው ቀድሞት ገባ። በሩ ተገንጥሎ ስለነበር ማንኳኳት አላስፈለገውም። ሶፋውን በመሀረብ ጠርጎ ተቀመጠና፣ ለቅሶ ለመጣ ሁሉ የሚቀርበውን ስኳር የሌለው ቡና ይጠብቅ ጀመር። ዐፊፌ ንቅንቅ አላለችም። እዚህ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም፤ እሱ ግን ስድብ ለምዶ ቆዳው ደንድኗል።

«ኡም ሻዲ» አላት፣ እንደ አገሩ ወግ የሻዲ እናት ብሎ በልጇ ስም ጠርቶ፣ «እግዜር ያጥናሽ። የላከኝ መሪያችን ራሱ ነው።»

«እሱ እግር የለውም?»

«ሥራ በዝቶበት ነው እንጂማ…»

«የምን ሥራ? ደግሞ ምን የሚፈርስ ቀረ?»

ያልሰማ መሰለ። «የናኽሌን ጥሩ ፎቶ ስጪኝ። ነገ መንገዱን በሱ እንሞላዋለን። ክብር ነው እኮ!»

«ለማን?»

የሚልሔም ፈገግታ ጠፋ። «ውለታ አይረሳም፣ ኡም ሻዲ። ሻዲን አዝለሽ ቢሮዬ መጥተሽ ያለቀስሽው ትናንት ነው የሚመስለኝ። ናኽሌን ወደቡ ላይ ማን አስቀጠረው?»

እውነቱን ነው። እዚህ ሥራ የሚገኘው በሰው ነው። ዐፊፌ ከባሏ ተደብቃ ሄዳ የዚህን ሰው እጅ ስማለች። ናኽሌ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ በጉልበቱ የተቀጠረ ይመስለው ነበር።

ተነሳችና መስታወቱ የረገፈውን የሠርግ ፎቶ ከግድግዳው አወረደች።

«አልረሳሁም። እናንተ ናችሁ ያስገባችሁት። ያን የሚፈነዳ ጉድ ስንት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ያስቀመጣችሁትም እናንተው። እንካ፣ ለጥፈው። ከሥሩ ግን ‹አስቀጥረን ገደልነው› ብለህ ጻፍበት።»

ሚልሔም እጁን አልዘረጋም። «ያ የበላዮች ጉዳይ ነው» ብሎ እያጉረመረመ ወጣ።

ዐፊፌ ፎቶውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ናኽሌ» አለችው፣ «እኔ ነኝ የለመንኩልህ።»