አክስቴ የሰፋቻቸው ቃላት

አክስቴ ባሕር ትፈራ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ምክንያቱም ተወልዳ ያደገችው ወደብ ዳር ነው፣ ያገባችው የወደብ ክሬን ነጂ ነው፣ የምትተዳደረውም በባሕር ኃይሉ ስፌት ቤት ነው። እሷ ግን ጠዋት ወደ ሥራ ስትገባ እንኳን በውሃው በኩል ያለውን መንገድ ትታ በመጋዘኖቹ ጀርባ ነበር የምትዞረው። «ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን ይነሳበትና ይወስደኛል» ትል ነበር ስለ ባሕሩ፣ ልክ ስለ ሰካራም ጎረቤት እንደሚወራ።

ስፌት ቤቱ ከገመድ ግምጃ ቤቱ ፎቅ ላይ ያለ ረጅም ክፍል ነው። የሬንጅና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። መሐሉ ላይ መኝታ የሚያህል የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ በግድግዳው ዙሪያ የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል። አክስቴ መኪናዋን ያስቀመጠችው ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ እንድትሠራ አድርጋ ነበር። እዚያ የመድፍ ሽፋን ይሰፋል፣ የጥላ ሸራ ይሰፋል፣ ከሁሉም በላይ ግን መርከቦች ምሰሷቸው ላይ የሚሰቅሏቸው የምልክት ባንዲራዎች ይሰፋሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ሌላው ቀለም ከሩቅ ሲታይ እርስ በርሱ ይምታታል። ነፋስ መጀመሪያ የሚበላው ከገመዱ የራቀውን ጠርዝ ስለሆነ፣ አክስቴ እዚያ ስትደርስ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ደጋግማ ትሰፋለች። ባልደረቦቿ «አንቺ ጋ የመጣ ጠርዝ እንደ ብረት ነው» ይሏታል።

ባንዲራዎቹ ምን ማለት እንደሆኑ አታውቅም ነበር። ግን በስም ካልጠሯቸው ሥራ አይሄድምና ራሷ ስም አወጣችላቸው። ሰማያዊና ነጭ የተሰባጠረበት «ዳማው» ነው። ሰማያዊ፣ በውስጡ ነጭ፣ በመሐሉ ቀይ ያለበት «ዓይኑ»። ከቀይና ከነጭ አራት ሰሌዳ የተገጠመው «ቀይ መስኮት»። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ እየሆነ የተጋደመው ደግሞ «ሳንዱቹ»። አንድ ጊዜ የስፌት ቤቱን አለቃ፣ ድሮ መርከበኛ የነበሩትን ሽማግሌ፣ ትርጉማቸውን ጠይቃቸው ነበር።

«ወሬ ነው» አሏት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «መርከቦች እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ወሬ። አንቺ ጠርዙን አጥብቂ፤ የሚያነብ ሰው አይጠፋም።»

እሷም ተወችው። ወሬ ለማን ጠፍቶ!

የጉድ ጉድ የመጣው አንዲት ልጇ ባሕር ኃይል እገባለሁ ስትል ነው። አባትየውን ደስታው ከክሬኑ በላይ ሰቀለው። አክስቴ ግን አኮረፈች። «ባሕሩ ሰው አንሶት ነው ልጄን የሚጨምረው?» እያለች ስንት ቀን ሳህን እያንኳኳች ምግብ አቀረበች። ልጅቷ የምልክት ሰጪነት ሥልጠና ገባች። እረፍት ስትመጣ የቁም ሳጥኑ መስተዋት ፊት ቆማ ሁለት እጇን እያወናጨፈች ስትለማመድ የጠረጴዛ መብራት ሰብራለች። እናቷን ልታስተምራት ብትሞክርም አክስቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ስለ መርከብ ባወቀች ቁጥር የበለጠ እንዳትጨነቅ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ የቤተሰብ ቀን መጣ። መርከበኞች ዘመዶቻቸውን አሳፍረው ከወደቡ ትንሽ ወጣ ብለው የሚመለሱበት ቀን ነው። አክስቴ «ወዳጄ፣ እኔ ከዚሁ ሆኜ እጄን አውለበልባለሁ» ብላ ነበር። አጎቴ ግን አልለቀቃትም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ የምትሠራበትን ቤት እንኳን ሳታዪ ልትሞቺ ነው?»

«ሳላይ ብሞት ይሻላል፣ እያየሁ ከምሞት» አለች። ግን መጣች። እኔንም «አንቺም ትመጫለሽ፤ ብሰጥም የሚነግርልኝ ሰው ይኑር» ብላ ይዛኝ መጣች።

መርከቧ ላይ ስንወጣ ዘብ የቆመው መርከበኛ ሰላምታ ሰጠን፣ አክስቴ ደግሞ ልጇን በነጭ ዩኒፎርም ስታያት «ድምቡሼ!» ብላ በሕፃንነት ስሟ ጮኸች። መርከበኞቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ በዚያች መርከብ ላይ ሌላ ስም አልነበራትም።

ድምቡሼ ይዛን ወደ ማዘዣ ክፍሉ ወጣች። ሬዲዮውን አሳየችን፣ በየክፍሉ የሚደውለውን ስልክ፣ ድምፅ ማጉያውን። ከግድግዳው አንድ የነሐስ ቱቦ እንደ አበባ አፉን ከፍቶ ወጥቷል። ድምቡሼ ጎንበስ ብላ ነፋችበት፤ ወዲያው ከሆዱ ውስጥ የወፍራም ሰው ድምፅ «ሞተር ክፍል፣ ምን ልታዘዝ?» ሲል አክስቴ ዘላ እኔ ላይ ወጣች።

እዚያው የቆሙት ካፒቴን ሳቁ። «የድሮ ነው፣ እናቴ። አሁን በስልክ ነው የምንጠራራው። ግን እንዲህ ያለ ነገር ለመንቀል እጅ አይሄድም።»

ከማዘዣ ክፍሉ ጀርባ የባንዲራ ሣጥኑ ነበር፤ እንደ ርግብ ቤት በትንንሽ ጉድጓድ የተከፋፈለ ሆኖ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ባንዲራ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አክስቴ እጇን ሰደደችና የአንዱን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ከዚያ የሌላውን። «ይቺ የኔ ናት» አለች በሹክሹክታ። «ይቺም… ይቺም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕሩን ረሳችው።

መርከቧ ወጥታ ወደቡ ከኋላችን ትንሽ ሆኖ ሳለ ነው የተቃጠለ ፕላስቲክ የሸተተን። ቀጥሎ ሞተሩ ቆመ። መርከብ ዝም ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ ያላየ አያውቅም፤ እስከዚያ ድረስ ያላስተዋላችሁት ጉርምርምታ ሁሉ ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ውስጥ እሳት ተነስቶ ነበር። መርከበኞቹ ወዲያው አጠፉት፣ የተጎዳም ሰው አልነበረም። ግን ከእሳቱ ጋር መብራቱም፣ ሬዲዮውም፣ ስልኩም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ ጡሩምባውም ጠፉ። ጊዜው የእጅ ስልክ በየኪሱ ያልገባበት ነበር። ካፒቴኑ ጎንበስ ብለው በዚያ በነሐስ ቱቦ ከሞተር ክፍሉ ጋር ማውራት ጀመሩ። ከታች የመጣው መልስ ደስ የሚል አልነበረም፤ ጥገናው ጊዜ ይፈልጋል። ውሃው ደግሞ መልሕቅ የማይደርስበት ጥልቅ ነው።

በዚህ መሐል ከተራራማው ዳርቻ ጀርባ አንድ የጭነት መርከብ ብቅ አለ። መጀመሪያ ለማየት የሚያምር ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን አፍንጫው በቀጥታ ወደ እኛ መሆኑን ሁላችንም አወቅን። ያን የሚያህል ብረት ቶሎ እንደማይታጠፍ ለመረዳት መርከበኛ መሆን አያስፈልግም።

ድምቡሼ ወዲያው ባንዲራ አውጥታ ሰቀለች። የባትሪ ፋኖሷንም ይዛ ታብለጨልጭ ጀመር። መርከቡ ግን ምንም ያየ አይመስልም፤ ዝም ብሎ ይመጣል። አክስቴ ከሁላችንም ተለይታ ወደ ምሰሶው ወደ ላይ ታይ ነበር።

«ለምንድን ነው የማያዩን?» አለች።

«ነፋሱ ነው፣ እማ» አለች ድምቡሼ፣ ዓይኗን ከሩቅ ማያ መነጽሯ ሳታነሳ። «ባንዲራውን ቀጥታ ወደ እነሱ ነው የሚያበርረው። ከፊት ለፊት ሆነው ሲያዩት ጠርዙ ብቻ ነው፤ እንደ ክር። ፋኖሱን ደግሞ ከጀርባችን ያለችው ፀሐይ ዋጠችው።»

«የሰቀላችሁት ሳንዱቹን ነው አይደል?»

«ምኑን?»

«ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫውን።»

«አዎ። ‹ራቁልኝ፣ እንደ ልቤ መንቀሳቀስ አልቻልኩም› ማለት ነው።»

አክስቴ ያን ሁሉ ዓመት ሳንዱች ስትለው የኖረችው ነገር የሰው ጩኸት ኖሯል። ከዚያ «ታዲያ አንሶላ ሲታጠፍ እንደሚያዝ አድርገን ብንይዘውስ?» አለች።

ልጅቷ ካፒቴኑን አየች። ካፒቴኑ «ትልቁን አምጪ!» አሉ።

ትልቁ ባንዲራ ሲዘረጋ የአንድ ክፍል ግድግዳ ያህላል። አክስቴ አንዱን የላይ ጫፍ ያዘች፣ አጎቴ ሌላውን። እኔና የአንዱ መርከበኛ አያት ከታች ያዝን። ነፋሱ ከጀርባችን ገብቶ ጨርቁን እንደ እርጉዝ ሆድ ነፋው፤ ወደ ፊት ሊጎትተን ሞከረ። አያትየዋ እጃቸው ሲንሸራተት ጨርቁን ጨበጡ።

«ጠርዙን ያዙ እማማ፣ ጨርቁን አይያዙ!» ብላ ጮኸች አክስቴ። «ጠርዙን አይፍሩት፣ አይቀደድም፤ እኔ ነኝ የሰፋሁት!»

ከጎናችን ሌሎች ቤተሰቦች ቀይ መስኮቱን ዘርግተው ያዙ። ‹ወደ አደጋ እየመጣችሁ ነው› ማለት እንደሆነ ድምቡሼ ነገረችን። ፀሐይ በሁለቱም ጨርቅ ውስጥ አልፋ ወጣች፤ ቢጫው ውስጡ መብራት እንደበራበት ሆነ። ያቺ ውሃ ዳር በእግሯ መሄድ የምትፈራው አክስቴ፣ ሆዷን ከመርከቧ አጥር አስደግፋ፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ከሚመጣው ብረት ላይ አላነሳችም።

የጭነት መርከቡ አደገ። መልሕቁ ከአፍንጫው ጎን ተንጠልጥሎ እስኪታየን ድረስ ቀረበ። ያን ጊዜ የነሱ ምሰሶ ላይ አንድ ጫፉ የቀጠነ ቀይና ነጭ ነገር መውጣት ጀመረና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«አዩን!» ብላ ጮኸች ድምቡሼ።

«ታዲያ ምነው ቆመ? ገመዱ ያዘባቸው?» አለ አጎቴ።

«አይደለም አባ። ግማሽ ላይ ሲቆም ‹አይቻለሁ፣ እያነበብኩ ነው› ማለት ነው። እስከ ጫፍ ከወጣ ነው ‹ገብቶኛል› የሚሆነው።»

እዚያ ማዶ፣ ፊቱን የማናየው ሰው፣ የኛን ጨርቅ እያነበበ ነበር። ክንዴ ደንዝዞ የኔ አልመስል አለኝ። ድንገት ያ ቀይና ነጭ ነገር ተነቃነቀና እስከ ምሰሶው ጫፍ ወጣ።

ወዲያው የመርከቡ አፍንጫ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ወደ ጎን መዞር ጀመረ። እንደ ግድግዳ በአጠገባችን አለፈ። ማዕበሉ መጥቶ መርከባችንን እንደ አልጋ ወዘወዛት። አንዳንዱ አለቀሰ፣ አንዳንዱ ሳቀ። አክስቴ ግን ባንዲራውን አልለቅም አለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀላት አጎቴ ነው። «በቃ፣ ሰምተዋል እኮ» ሲላት ነው እንባዋ የወረደው።

የጭነት መርከቡ ራቅ ብሎ ቆመ። ድምቡሼና የማናውቃቸው ሰዎች ባንዲራ እየለዋወጡ ሲያወሩ ቆዩ፤ በኛ ፈንታ ለወደቡ በሬዲዮ ነገሩልን፣ የምትጎትተን ጀልባ እስክትታይም ጥለውን አልሄዱም። ሊሄዱ ሲሉ ሁለት ባንዲራ አንድ ላይ ሰቀሉ።

«ቀይ መስኮቱና ዓይኑ» አለች አክስቴ በድንጋጤ። «ደግሞ ምን አደጋ መጣ?»

«አይ እማ! ቀይ መስኮቱ ብቻውን ሲሆን ነው አደጋ። ከዚህኛው ጋር ሲሆን ‹መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ› ነው።»

አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ከየት አገር ናቸው?»

«አላውቅም።»

«ቋንቋቸውንስ?»

«እሱንም አላውቅም፣ እማ።»

አክስቴ ከዓይኗ እስኪጠፉ ድረስ ሁለቱን ባንዲራዎች አየቻቸው። «እነዚያን የሰፋችው ሌላ ሴት ናት» አለች ቆይታ። «የሆነ ቦታ ቁጭ ብላ። ምን እንደሚሉ ሳታውቅ ይሆናል። መልካም ጉዞ ብላኝ ሄደች እኮ!»

ከዚያ ወዲህ አክስቴ ሌላ ሰው ሆነች ማለት አልችልም። ማዕበል ሲነሳ አሁንም መስኮት ትዘጋለች። ግን ድምቡሼ እረፍት በመጣች ቁጥር እንደ ተማሪ ፊቷ እየተቀመጠች ሁሉንም አጠናች፤ ስፌት ቤት ውስጥም አንዱን ባንዲራ ስትጨርስ ቃሉን ድምፅ አውጥታ ትናገርና ነው የምታጥፈው። አዳዲሶቹ ሴቶች መጀመሪያ ጸሎት የምታደርግ መስሏቸው ዝም ይሉ ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥታለች። ባለፈው ወር ከሰዓት በኋላ እጇን ይዤ ወደብ መግቢያው ላይ ያለው የድንጋይ ግንብ ድረስ ወሰድኳት። ከሩቅ የመጣ መርከብ ውሃው ላይ ቆሞ የመግቢያ ፈቃድ ይጠብቃል፤ ምሰሶው ላይ ምንም ሌላ ቀለም የሌለው አንድ ቢጫ ባንዲራ ይውለበለባል። ዓይኗ ስለደከመ ቀለሙን እኔ ነገርኳት።

«ቢጫ ብቻ?»

«ቢጫ ብቻ።»

«‹ሁላችንም ጤነኞች ነን፣ አስገቡን› እያሉ ነው» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ በመሐላችን ያን ያህል ውሃ እንደሌለ ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መለሰችላቸው፦

«ተመስገን! እንኳን ደህና መጣችሁ!»