የድረ ገጹ ምስኪን

ለደብራችን ጣራ ርዳታ የምንጠይቅበት ድረ ገጽ ይሠራ ተባለና፣ ሰበካ ጉባኤው ከንፋስ መውጫ አንድ ኮምፒውተር አዋቂ ጎረምሳ አስመጣ። እኔም ከጉባኤው አባላት አንዷ ነኝ።

«ሁለት ዓይነት ፕሮግራም አለ» አለን። «አንዱን ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም። ሌላውን እናንተም በስልካችሁ ታስተካክሉታላችሁ። የመጀመሪያው ይሻላችኋል።»

ናሙና ብሎ ሲከፍትልን የማየው እኔኑ ነው። ለአጨዳ የምለብሰውን ቡቱቶ እንደለበስሁ አንስቶኛል፤ ከሥሩም «ጧሪ የሌላቸው ምስኪን እናት» ይላል። ጎተራዬ ሙሉ፣ በሬዎቼ ከደጄ። ደሜ ፈላ።

«ምስኪን ናት ብሎ ማን ነገረህ?»

«እማማ፣ ሰው እንዲያዝን ብዬ እኮ ነው።»

«እንግዲያው እኛ የምናስተካክለውን አምጣ።»

አጠቃቀሙን ራሱ አስተማረኝ። ጽሑፉን አልነካሁትም፤ ፎቶውን ብቻ በሱ ፎቶ ለወጥሁት።