አንዴ አንኳኩቶ መጠበቅ

ባለቤቴ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበር። ወታደሩ ወጥቶ ነጻነት ከመጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለታችንም የምንሠራበት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ገዛና እሱን ኮርስ ላከው። ሲመለስ ዕድሜውን ሙሉ የጠገናቸውን መኪናዎች በገዛ እጁ ወደ መጋዘን አወረደና እኛን ጸሐፊዎቹን ማስተማር ጀመረ። እድገት ነው ተባለ።

ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ነገሩን በበር አስረዳን።

«እያንዳንዷ ትንሽ ሥዕል በር ናት። በማውዙ ሁለቴ አንኳኩ፣ ትከፈታለች።»

አንዴ አንኳኩተን እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ጠበቅን። እንዲህ ነው ያደግነው። የሰው በር አንዴ ይንኳኳል፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተብሎ ይጠበቃል።

«ይድገሙት እንጂ፣ እትዬ» አላቸው የሁላችንን ታላቅ።

«አንኳኩቻለሁ። ሰው ካለ ይከፍታል።»

«ውስጥ ሰው የለም!»

«ታዲያ ባዶ ቤት ምን አስገባኝ?»

«ሁለቴ ነው ሕጉ!»

«ኣይፋልን፣ አይሆንም ልጄ። ሁለቴ የሚያንኳኳ ወታደር ነው። እሱን ጊዜ ጨርሰነዋል።»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። በማግስቱ ጠዋት ቀድሞን ገብቶ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ሲነካካ ሻሂ ይዤለት ሄድኩና አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ሥዕሎቹን አንዴ ሲነኳቸው እንዲከፈቱ እያደረጋቸው ነበር።

«ይህን ሁሉ ሴት ከመቀየር ማሽኑን መቀየር ይቀላል» አለኝ።

ኮርሱ ላይ ይህን አላስተማሩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቢሮው ሠራ።

በክረምቱ ሞተብኝ። ልብሱ ለዘመድና ለችግረኛ ተከፋፈለ። የጠገናቸው መኪናዎች መጋዘን ውስጥ አቧራ ጠጡ። ከእጁ ሥራ ውስጥ አሁንም እየሠራ የቀረኝ ያ አንዴ የሚከፈተው በር ብቻ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለኮምፒውተር ታለቅሳለች እንዳልባል።

አንድ ቀን ማሽኖቹን የሚፈትሽ ባለሙያ መጣ። ትሑት ሰው ነበር፤ «ስህተት» አገኘና አስተካከለው።

«የነበረው ይሻለናል» አልኩት።

«ዓለም ሁሉ ሁለቴ ነው የሚጫነው፣ እትዬ።»

«ዓለም ሁሉ እዚህ አይሠራም» አሉ ታላቃችን።

ሄደ። ቢሮው እንደገና እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ይህን ጊዜ ያልሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

በምሳ ሰዓት ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ እኔ ቀረሁ። ያን ጠዋት ባለቤቴ ማሽኑ ውስጥ የገባበትን መንገድ አስታውሼ ሄድኩበት። በር ከበር ኋላ ነው፤ እያንዳንዱ ደግሞ ሁለቴ ካልተንኳኳ አይከፈትም። እንደ ወታደር እየደበደብኩ ገባሁና እሱ እንዳደረገው አድርጌ ወጣሁ።

ከሰዓት ታላቃችን ተቀመጡ፣ አንዴ አንኳኩ፣ እጃቸውን ሰበሰቡ። ተከፈተላቸው።

«አየሽ፣» አሉኝ ዞር ብለው፣ «ሰው አለ።»