ዝም ያለው ኮምፒውተር

ዛሬ ጠዋት አንድ መልእክት ዘገየብኝ። የምከታተላቸው ኮምፒውተሮች በየማለዳው «ደህና ነኝ፤ ቅጂው አልቋል» ብለው ስልኬ ላይ ይልካሉ። አንደኛው ዝም አለ። ሻዬን ሳልጠጣ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረህ!» ብላ ሳቀችብኝ። በወጣትነቴ ያየሁትን ብታይ ኖሮ አትስቅም ነበር።

ያኔ አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ጋሽ ከማል ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ማታ ማታ ወደ ሁለተኛ ዲስክ የሚገለብጥ ስክሪፕት፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ የሚጻፍ የትእዛዞች ስብስብ፣ አዘጋጀሁላቸው። ሲጨርስ ለስልካቸው መልእክት ይልካል። ሳምንት ሳይሞላ ተማረሩ። «ደህና ከሆነ ምን ያንጫጫዋል? ክፉ ሲገጥመው ብቻ ይንገረኝ!» አሉኝ። እንዳሉት አደረግኩ። የሚገርመው፣ እሳቸው ራሳቸው ሰው ሁለት ቀን ከጠፋባቸው ደውለው «ምነው፣ ሞትክ እንዴ?» የሚሉ ሰው ነበሩ።

ክረምቱ ገባ። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ስልኩ ዝም ስላለ እኛም ሰላም ነው ብለን በቆሎ እሸታችንን እንግጥ ነበር። ነሐሴ ላይ ዋናው ዲስክ ተንቋቋና ሞተ።

በማግስቱ እመቤት የምትባል ደንበኛችን መጣች፤ ጥቁር ለብሳለች። የቀራንዮ ሰፈር ልጅ ናት፤ በግንቦት መጨረሻ ሠርጓን ቀርጸን ነበር፣ ግን ወረፋ በዝቶ ቪዲዮው አልተቀናበረም። አባቷ በመሃል ታመው አረፉ።

«ሌላው ይቅርብኝ። የአባቴን ምርቃት ብቻ ስጡኝ» አለች።

ጋሽ ከማል ቀና ብለው አዩኝ። የካሜራው ካርድ ከዚያ ወዲህ ስንት ሠርግ ተቀርጾበታል። የቀረን ሁለተኛው ዲስክ ብቻ ነው። ጭቃውና ዝናቡ ደጁን ሞልቶታል፤ ጣሪያው ይንጫጫል። ትእዛዙን ስጽፍ ሁለቴ ተሳሳትኩ።

«አለ?» አለችኝ።

«እያየሁ ነው፣ እኅቴ።»

የስክሪፕቱን መዝገብ ከፈትኩ። የሠርጉ ዕለት ማታ ቅጂው እየተገለበጠ ሳለ መብራት ሄዷል። ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ስክሪፕቱ ግን አልተነሣም። ክፉ ሲገጥመው ይናገራል ያልነው እሱ ነው፤ የሞተ ደግሞ ሞቻለሁ ብሎ አይናገርም።

ካሜራው ረጅሙን ቪዲዮ እየከፋፈለ ነበር የሚያስቀምጠው። የተገለበጠውን የመጨረሻ ክፍል ከፈትኩት። አባቷ ነጭ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፤ «ውለዱ፣ ክበዱ። ትዳራችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ። ቤታችሁን…»

እዚያ ላይ ተቆረጠ። ቀጣዩ ክፍል የለም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ከማል፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። የሰማቻቸው አልመሰለኝም። ሁለት እጇን ዘርግታ «አሜን» አለች። ከዚያ «እስቲ እንደገና ክፈትልኝ» አለችኝ።

ጋሽ ከማል ከዚያ በኋላ «ደህና ነኝ» የሚለው መልእክት በየማለዳው እንዲላክላቸው አስደረጉኝ፤ ትንሽ ከዘገየ «ምነው ዝም አለ?» እያሉ ይደውሉልኝ ነበር። ዛሬ እሳቸውም የሉም፤ ጭንቀታቸውን ግን ለኔ አውርሰውኛል። ደህና ነኝ ማለት ትርፍ ወሬ እንዳልሆነ ከዚያ ክረምት ወዲህ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልገውም።

ሻዬ ከቀዘቀዘ በኋላ ስልኬ ጮኸ። «ደህና ነኝ፤ ቅጂው አልቋል» ይላል። ባለቤቴ እንዳትሰማኝ ቀስ ብዬ «አሜን» አልኩ።