ማጉረምረም የተከለከለው ውሻ

የሰፈር ልጆች «እንጉርጉሮ» ይሏታል። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናት። ከግቢ ግቢ ስትዘዋወር፣ በር ከማንኳኳቷ በፊት ከአጥሩ ጥግ ጀምራ ቀስ ብላ ታንጎራጉራለች። ድምፅዋ ሸካራ ነው፤ ብቻዋን ወንዝ ዳር የተቀመጠች ሴት ድምፅ ይመስላል። የሰማት ሁሉ ፍቅር የያዛት ይመስለዋል። እሷን የያዛት ግን ፍርሃት ነው።

ውሻ ትፈራለች።

ሥራ በጀመረች ሰሞን ነው። አንድ ዝገት የበላው በር ገፍታ ገባች፤ ቆጣሪው ላይ ጎንበስ እንዳለች ከኋላዋ የመጣ ውሻ ጥርሱን ባቷ ላይ ሰካው። ቁስሉ ዳነ። ፍርሃቱ ግን ደረቷ ውስጥ ቤት ሠርቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በር በነካች ቁጥር ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ይጣበቃል። አለቃዋ አዝኖላት «ቢሮ ላስገባሽ?» ቢላት እምቢ አለች። ቢሮ ውስጥ ሰማይ የለም፤ መንገድ ለመንገድ የሚገጠም ግጥምም የለም።

ስለዚህ ውሾቹን ማየት ጀመረች። በበር ስንጥቅ፣ በአጥር ቀዳዳ፣ እስትንፋሷን ውጣ ታያለች። የሚፈሩትን ነገር ዓይን ሳይነቅሉ ነውና የሚያዩት፣ ባለቤቶቹ ያላዩትን አየች። እንቅልፍ ሳይመጣበት የሚያዛጋ ውሻ ጨንቆታል። ምግብ በሌለበት ከንፈሩን የሚልሰው «ተዪኝ» እያለ ነው። ፊቱን የሚያዞረውም ንቋት ሳይሆን ጠብ ሳይፈልግ ነው። ድንገት የሚመጣበትን ሰው እንደሚጠላ ስታውቅ ደግሞ «መጣሁ፣ እኔ ነኝ» ለማለት ማንጎራጎር ጀመረች። ግጥሙን ራሷ ናት የምትገጥመው፦

ተቆጣኝ ስደበኝ ድምፅህ አይራቀኝ፣
ዝም ያልክ ጊዜ ነው ፍርሃት የሚያርደኝ።

ሰው ለከዳት ወንድ የምታዜመው ይመስለዋል። እሷ ግን የምታዜመው ከበሩ ወዲያ ላለው፣ መጮህ አለመጮሁን ለማታውቀው ውሻ ነው።

ቀስ በቀስ ሰዎች ስለ ውሾቻቸው ይጠይቋት ጀመር። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ውሻ አብዷል» አሏት፣ በሩን ገርበብ አድርገው። «ጅራቱን እየቆላ እኮ ነው የጎረቤቴን ሱሪ የቀደደው! ጅራት እየቆሉ መንከስ አለ እንዴ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሰው ሲሳደቡ እጅዎን አያወናጭፉም?»

«አወናጭፋለሁ እንጂ!»

«እና ሰላምታ ነው?»

ሰውዬው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እሷም ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጫፉ ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚርገበገብ ጅራት የደስታ እንዳልሆነ አሳየቻቸው። ስታሳያቸው ግን ከደጃፉ አንድ እርምጃ አልገባችም።

«ይሄን ሁሉ የምታውቂ ሰው ምን ያስፈራሻል?»

«ስለማውቅ ነዋ፣ ጋሼ።»

ታላቅ ወንድሟ አናጢ ነው። መኖሪያ ቤቱንና የሥራ ቤቱን የምታገናኛቸው አንዲት በር ናት፤ ሶፋው ላይ እንኳ የመጋዝ ብናኝ አይጠፋም። ከማግባቱ በፊት ከቡችላነቱ ያሳደገው፣ ዳማ የሚባል ቀይ ውሻ አለው። ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቷ መዳህ ስትጀምር ዳማ በተጠጋችው ቁጥር ያጉረመርም ጀመር። እናት ደነገጠች። «ልጄን ሊበላብኝ ነው» እያለች አለቀሰች። አናጢው ለሚስቱ እንባ ብሎ፣ ውሻው ባጉረመረመ ቁጥር አፍንጫውን በነጠላ ጫማ ይለው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ዳማ ማጉረምረሙን እርግፍ አድርጎ ተወ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ እናትም እንቅልፍ ወሰዳት።

እንጉርጉሮ ይህን ሁሉ አላየችም። ወንድሟ ወደ ከተማው ዳርቻ ከተዛወረ ወዲህ የሚገናኙት በስልክ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት ልትጠይቃቸው ሄደች። እንደ ልማዷ ከግድግዳው ጥግ ጀምራ አንጎራጎረች። ከወዲያ ምንም አልተሰማም። ጩኸት የለም፣ የእግር ኮቴ የለም። ላብ ጀርባዋን አጠመቃት።

ወንድሟ በሩን ከፈተ። «ምነው? ጭራቅ ያየሽ ትመስያለሽ!»

«ዳማ የለም እንዴ?»

«ኧረ አለ፣ በግ ሆኗል እንጂ! የሰው ውሻ ከምታስተምሪ እኔ ጋ መጥተሽ ተማሪ።»

ሳሎን ገባች። ውሻው በጠረጴዛውና በግድግዳው መሃል፣ ጥጉ ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተኝቷል። ቀና ብሎ አያት። አፉ ግጥም ብሏል። እሷም ዓይኗን ሰብራ፣ ጎኗን ሰጥታው ተቀመጠች። የወንድሟ ሚስት ሕፃኗን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ፣ ስልኳን ይዛ አጠገቧ ዘፍ አለች።

«ነይ እታለም፣ የሚጣንና የዳማን ፍቅር ላሳይሽ።»

በመጀመሪያው ፎቶ ልጅቷ የውሻው አንገት ላይ ተጠምጥማለች። ማንም ቢያይ «ውይ ሲያምሩ!» ይላል። እንጉርጉሮ ያየችው ግን ወደ ግድግዳው የዞረውን የውሻውን ፊት ነው። በሚቀጥለው ምላሱ አፍንጫው ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ ጆሮው ከማጅራቱ ተጣብቋል፤ የዓይኑ ነጭ በጎን ወጥቶ እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጥኗል። እናትየው በጣቷ ስትገፋ፣ ፎቶ በፎቶ ላይ ሲመጣ፣ እንጉርጉሮ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። የመጨረሻው ላይ ውሻው ድንጋይ ሆኗል። ፊቱን አላዞረም፣ ከንፈሩን አልላሰም። ዝም ብሎ ወደ ስልኩ ያያል።

«ይቺን መቼ አነሳሻት?»

«ዛሬ ጠዋት። ምነው፣ አታምርም?»

«እትዬ፣ ሚጣ የት ናት?»

ሁለቱም ቀና አሉ። ምንጣፉ ባዶ ነው። ልጅቷ በጠረጴዛው ሥር እየዳኸች ወጥታለች፤ ጆንያው ላይ ደርሳ የዳማን ጆሮ በትንሽ ጭብጧ ይዛለች።

«አትጩሂ!» እንጉርጉሮ የእናትየውን ጉልበት ጨመቀችው። «በልጅሽ ይዤሻለሁ፣ አትነሺ።»

«ኧረ ምንም አይላትም!» ወንድሟ ሳቀ። «ምን አጉል ፍርሃት ነው? ዳማ!» ብሎ ጎንበስ አለና ነጠላ ጫማውን አወለቀ።

ውሻው ጫማውን አየ። ልጅቷን አየ። ግድግዳውን አየ። መሄጃ የለውም። እንጉርጉሮ ያንን መሄጃ ማጣት እንደ ራሷ አወቀችው፤ በየግቢው፣ በየበሩ፣ ስትኖርበት ከርማለችና።

«ጣለው ወንድሜ። እግርህ ላይ ልውደቅ፣ ጫማውን ጣለው።»

ድምፅዋ እንዲያ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም። ጫማው ከእጁ ወደቀ። እሷ ከሶፋው ተንሸራታ መሬት ወረደች። ወደ ውሻው ሳታይ፣ በተሰባበረ ድምፅ እያንጎራጎረች፣ የጠረጴዛውን እግር ይዛ ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው። ጠረጴዛው ወለሉን እየፋቀ መጣ። ልጅቷ ጆሮውን ጎተተች።

ቀጭ!

ጥርሱ ከልጅቷ ጉንጭ አጠገብ አየር ላይ ገጠመ። ሚጣ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። በዚያች ቅጽበት ከጠረጴዛው ጎን ክፍተት ተገኘ፤ ዳማ ግድግዳውን ታክኮ፣ ጅራቱን ቆልፎ ወደ ጓሮ ወጣ። በልጅቷ መዳፍ ውስጥ ጥቂት ቀይ ፀጉር ቀረ።

እናት ልጇን ደረቷ ውስጥ ቀበረቻት። አናጢው ከሥራ ቤቱ ጣውላ ይዞ ተመለሰ። «ዛሬ ገደልኩት!»

እንጉርጉሮ የጓሮው በር ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«ምን ብሎ ይንገርህ?» አለችው። «ፊቱን አዞረ፣ አላየህም። ከንፈሩን ላሰ፣ አላየህም። ሲያጉረመርም መታኸው። የቀረው ጥርሱ ብቻ ነው። እሱንም አየር ላይ ባይጥለው ኖሮ…»

«ለእሷ ብዬ እኮ ነው» አለ ወንድሟ፣ ሚስቱን እያየ። ጣውላው እጁ ላይ ከበደ። «ስለፈራች እኮ ነው።»

ከሶፋው በኩል የእናትየው ድምፅ መጣ። «ይውጣም አልል፣ ይቆይም አልል። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ሲቆጣ በምን አውቃለሁ? ዝም ካለ እኔ በምን አውቃለሁ?»

ኋላ ላይ እንጉርጉሮ፣ የዳማ ድምፅ እስኪመለስ ድረስ ልጅና ውሻ በአንድ ክፍል እንዳይገናኙ አለች። እናትየውም ካልተመለሰ ዳማ ከቤቱ እንደሚወጣ ተናገረች። ባሏ አልተከራከረም።

አናጢው በሳሎኑና በሥራ ቤቱ መሃል ርብራብ ያለው አጭር በር ሠራ። ዳማ ከወዲያ ሆነ፤ በፈለገ ጊዜ ወደ ጓሮ የሚወጣበት መንገድም ተተወለት። እንጉርጉሮ ከሥራ ስትወጣ በሁለት ታክሲ እየተሳፈረች መጥታ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ጎኗን ሰጥታ ትቀመጣለች። ፊቱን ሲያዞር ራቅ ትላለች። ከንፈሩን ሲልስ ተነስታ ትሄዳለች። ወንድሟንም እንዲሁ አስደረገችው።

«በገዛ ቤቴ ለውሻ መንገድ ልልቀቅ?»

«የምትለቀው ለልጅህ ነው።»

ዳማ ግን ዝም እንዳለ ነው። ቤቷ ገብታ ስትተኛ ያ ዝምታ አልጋዋ ድረስ ይከተላታል። ሰርሳሪ የመጣ ያህል ትባንናለች። ድምፁን መግደል ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ መመለሱ ባይቻልስ? ለሹፌሩም ለሌሎቹም የነገረቻቸው ሁሉ እንደ ቅዠት ይመጣባታል፦ ያልነገረቻቸው ነገር ቢኖርስ? የሆነ ቤት፣ የሆነ ልጅ፣ አሁን ፎቶ እየተነሳ ቢሆንስ? ከዚያ ወዲህ ውሻ ካለበት ቤት ሁሉ «ሲያጉረመርም ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ሳትጠይቅ አትወጣም። «እንመታዋለን» ያሏት እንደሆነ ቆጣሪውን ትታ ልታስረዳቸው ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ከሰዓት እናትየው ሚጣን ታቅፋ አጭሩ በር ጋ መጣች። ዳማ አጥንት ይዞ ተኝቷል። ልጅቷ በርብራቡ መሃል እጇን ሰደደች።

መጀመሪያ የሩቅ መኪና ሞተር መሰለ። ከወለሉ የሚነሳ፣ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ ድምፅ። የአናጢው መላጊያ ጣውላው ላይ ቆመ። ፍቅፋቂው ላይ የተቀመጠችው እንጉርጉሮ ቀና አለች።

እናትየው ፊቷ አመድ መሰለ። የልጇን እጅ ይዛ ሰብሰብ አደረገች፤ ወደ ኋላ ሄደች። ድምፁ ወዲያው ቆመ። ውሻው ወደ አጥንቱ ተመለሰ።

«ሰማሁት» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

«አሁንም ያስፈራሻል?» አላት ባሏ።

«በጣም» አለች፣ ልጇን እንዳቀፈች። «በጣም ያስፈራኛል። ተወው፣ ያሰማኝ።»