የዕድራችን የግፊት መለኪያ

ካዛንቺስ ሳለን ዕድራችን የደም ግፊት መለኪያ ገዛ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ነበሩ፤ መለኪያውን ከቤታቸው አስቀምጠው ለማንም አያስነኩም። አንድ አባል ድንኳን ሲተክል ራሱን ስቶ ስለወደቀ፣ «ከእንግዲህ ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ድንኳን አይተክልም» ብለው በመዝገብ አሰፈሩ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ታመመ በቃ! ልኬቱ እሁድ ጠዋት ነው። አንዱ ሽቅብ ሮጦ እያለከለከ ይደርሳል፣ ሌላው ሚስቱን ሆን ብሎ አናዶ፣ ጥሩ አድርጎ ተሰድቦ ይመጣል። እኔም ገና ጎረምሳ ሆኜ ሳለ ሦስት ስኒ ቡና በላይ በላዩ ጠጥቼ ክንዴን ዘረጋሁ። ሊቀመንበሩ ጎማዋን ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ቀስቷን አዩና «አይ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜህ!» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ስሜን ከበሽተኞቹ ተርታ ጻፉት።

«እርስዎስ አይለኩም?» ስንላቸው «እኔ ምን ሆኜ! ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም» ይሉናል።

እሳቸውን ግፊት ገደላቸው።

በቀብራቸው ዕለት ድንኳን የሚተክል ወንድ ጠፋ። ሁላችንም በገዛ እጃቸው የተመዘገብን በሽተኞች ነን። ምሰሶውን ተሸክመው ያቆሙት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። እኛ አጥሩ ሥር ተደርድረን «ወደ ቀኝ! ኧረ ቀና አድርጊው!» እያልን ጉሮሯችን እስኪነቃ ጮህን። ያን ሁሉ ስንጮህ ለግፊቱ የሰጋ አንድም አልነበረም።